«የጆን ካርፔንተር አዳዲስ ፊልሞች» ሲሏችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

የሆረር ፊልም ወዳጆች፣ በተለይ ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡ። ጆን ካርፔንተር የመጀመሪያውን ሃሎዊን የሰራው አሜሪካዊ የሆረር ፊልም ዳይሬክተር ነው። መናኸሪያ አካባቢ ፊልም የሚጭን አንድ ቤት «የካርፔንተር ሙሉ ስራ፣ አዳዲሶቹ ጭምር» እያለ ከሌላው ጥቅል እጥፍ ያስከፍላል። እኔም አስጭኜ አየሁት። ግማሹን ካርፔንተር አልሰራውም። ባህር ዳርም ይኸው ጥቅል እየዞረ ነው አሉ።

«አዲስ» የተባሉት የ2018፣ የ2021 እና የ2022 የሃሎዊን ፊልሞች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የሦስቱም ዳይሬክተር ዴቪድ ጎርደን ግሪን ነው። ካርፔንተር ከልጁ ከኮዲና ከዳንኤል ዴቪስ ጋር ሙዚቃቸውን ሰርቷል። የ2005ቱ ዘ ፎግም የሌላ ሰው ነው፤ የእሱ የ1980ው ነው። ጫኙን ልጅ ብጠይቀው «ያው ስሙ አለበት አይደል?» አለኝ። ስሙማ አለበት!

ራሱ ዳይሬክት ያደረገው የመጨረሻ ሙሉ ፊልም የ2010ሩ ዘ ዋርድ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ በ2023 ለአንድ የቲቪ ተከታታይ አንድ ክፍል በርቀት ሰርቷል።

የራሱ የሆኑት የኋላ ስራዎችም ቢሆኑ እጥፍ የሚከፈልባቸው አይደሉም። የ2001ዱ ጎስትስ ኦፍ ማርስ 28 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ግማሹን ያህል ብቻ ነው ያስገባው። አይገርምም። ጀግናዋ ገና ከመጀመሪያው ተቀምጣ ለመርማሪዎች ትተርካለች። እንደምትተርፍ ካወቅን ምን ያስፈራናል? ዘ ዋርድ ደግሞ በድንገተኛ ጩኸት እያስደነገጠ ጊዜ ይገፋል። በ1978ቱ ሃሎዊን በዝግታ በሚሄድ ካሜራና በራሱ ፒያኖ ብቻ ሰው ያንቀጠቀጠው ያው ሰው ነው! በዘ ዋርድ ሙዚቃው እንኳ የሱ አይደለም። ለኔ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው።

ከኋለኞቹ ሁለት ግን አይለፏችሁ። የ1994ቱ ኢን ዘ ማውዝ ኦፍ ማድነስ አንዱ ነው፤ የጠፋ ደራሲ ፍለጋ የወጣ የኢንሹራንስ መርማሪ ቀስ በቀስ አእምሮውን ሲስት ታያላችሁ። ሌላው የ2005ቱ ሲጋሬት በርንስ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የቲቪ ስራ ነው፣ ያየውን ሁሉ ስለሚያሳብድ ፊልም። ይሄኛው «ሙሉ ስራ» በተባለው ጥቅል ውስጥ የለም፤ ማስተርስ ኦፍ ሆረር በሚለው ተከታታይ ስር አስፈልጉት።

ዘ ቲንግንም ካስጫናችሁ የ1982ቱን በሉ። የ2011ዱ ስሙ አንድ ነው፣ ዳይሬክተሩ ሌላ።