ዳግም እንድሰግድ ላደረገችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ለምትሠራ አንዲት ባለሙያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እፈልጋለሁ። ስሟን ልጻፍ ብዬ ስጠይቃት «ሥራዬ ነው፤ ይልቅ ወገባቸውን ይዘው ቤት ለተኙት ይንገሩልኝ» አለችኝ። ስለዚህ ስሟን ትቼ ያደረገችልኝን እናገራለሁ።

አዘዞ አካባቢ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነኝ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከመተማ የመጣ ሰሊጥ ስናወርድ፣ ኩንታሉን በአንድ ወገን የያዘው ጓደኛዬ እጁ ከዳው። 100 ኪሎው እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። ጆንያው እንዳይወድቅ ብዬ ወገቤን ጠምዝዤ ያዝሁት። እሳት የመሰለ ነገር ከወገቤ ተነሥቶ በግራ ታፋዬ በኩል እስከ ተረከዜ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፍራሽ አልተነሣሁም። ወጌሻ ጠራሁ፤ አሽቶ ሲስበኝ የእግሬ መደንዘዝ ባሰ። ወጌሻ ለወለምታ ስንቱን እንደጠቀመ አውቃለሁ፤ እግር የሚያደነዝዝ የወገብ ሕመም ግን ሐኪም ሳያየው መሳብ የለበትም። ዳይክሎፍናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ትእዛዝ እየገዛሁ ስውጥ ጨጓራዬ ተቃጠለ። አንድ ሰው ደግሞ «ዲስክህ (በጀርባ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ተንሸራቷል፤ ኦፕራሲዮን ካልሆንህ አትድንም» ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ደግፋኝ ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሙ በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን እያነሣ፣ ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ፣ በጣቶቼና በተረከዜ እያስረገጠ መረመረኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ።

ባለሙያዋ ወገቤን ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ይህ ሕመም ከሁሉ በላይ የከለከለዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ሸክም እንደምል ጠብቃ ይሆናል። እኔ «መስገድ» አልኋት፤ ዓቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ወረቀቷ ላይ ጻፈችው፤ ሕክምናዬንም ሁሉ በእርሱ ዙሪያ አሰናዳችው።

ፍርሃቴን ያራቀችልኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ዲስክ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከቦታው እንደማይንሸራተት፣ ሲያብጥ ወይም ሲሰነጠቅ ነርቭ እየነካ እግር እንደሚያደነዝዝ፣ አብዛኛው ሰውም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ እንደሚሻለው አስረዳችኝ። የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየውን ኤም አር አይ ልነሣ ወይ ብዬም ጠይቄአት ነበር። እግሬ እየዛለ ካልሄደና ቀዶ ሕክምና ካልታሰበ አሁን ገንዘብህን አታውጣ ብሎ ሐኪሙ የነገረኝን እርሷም አጸናችልኝ።

ሥራው የተጀመረው በሆዴ ተኝቼ በክንዶቼ ደረቴን ቀና በማድረግ ነው። «ሕመሙ ከእግርዎ ለቆ ወደ ወገብዎ ቢሰበሰብ አይደንግጡ፤ ጥሩ ምልክት ነው» አለችኝ፤ እንዳለችውም ሆነ። በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ እንድራመድ አዘዘችኝ፤ ቀስ በቀስ ጨመረችው። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት አመጣች። እንጨቱን ጀርባዬ ላይ አስደግፋ ከራሴ ኋላ፣ ከትከሻዎቼ መካከልና ከጭራ አጥንቴ ሳይላቀቅ ከዳሌዬ እጥፍ እንድል አስተማረችኝ። እንጨቱ በለቀቀ ቁጥር «እንደገና ጋሼ» ትላለች። አንድ ቀን እንደቆጠርሁት አሥራ አራት ጊዜ «እንደገና» ብላኛለች፤ ድምፅዋ አንዴም ከፍ አላለም። ጉልበትን አጥፎ በእጅ ተደግፎ መሬት መንካትን፣ ከዚያም በእግር ኃይል መነሣትን በዚሁ መንገድ ለመድሁ።

የስቅለት ዕለት ሰገድሁ። እንደ ወጣቶቹ ብዙ አልቆጠርሁም፤ ግን ግንባሬ መሬት ነክቶ ያለ ሰው እርዳታ ተነሥቻለሁ። እንባዬ መጣ።

በሥራ ላይ ለተጎዳችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አሠሪዬ መጀመሪያ «ሲሻልህ ትመጣለህ» ብቻ ብሎ ሸኝቶኝ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል፤ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ እንዲከፈለው ይላል። የሕክምና ማስረጃዬን ይዤ ስሄድ ተከፈለኝ። አሁን ኩንታል ብቻዬን አልነካም፤ ሚዛን ላይ መድበውኛል።

ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ ወይም እግራችሁ እየዛለ ከሄደ ፊዚዮቴራፒም ቀጠሮም አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ይህንንም የነገረችኝ እርሷ ናት። ከዚህ ውጭ ወገባችሁን ይዛችሁ ለተኛችሁ ሁሉ፦ ካርድ አውጡ፣ በሐኪም ተመርመሩና ወደ ፊዚዮቴራፒ ይላኩን በሉ። ቤት የምትሠሩትን እንቅስቃሴ ሳትሠሩ ግን አትምጡ፤ ገና ስትራመዱ አይታ ታውቅባችኋለች።