ኤስሲ-35 አንቲቦዲ፦ ለስፔክል ይግዙት፣ ለኤስአርኤስኤፍ2 ግን ይተዉት

የስፕላይሲንግ (አርኤንኤን ቆርጦ የመቀጠል) ፕሮቲኖች በኒውክለስ ውስጥ የሚከማቹባቸውን ነጠብጣቦች፣ ማለትም ስፔክሎች፣ ማየት የፈለገ ላብራቶሪ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘው ኤስሲ-35 የተባለውን የአይጥ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ (አንድን ዒላማ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ነው። ለዚህ ሥራ ዛሬም አያሳፍርም። ጣጣው ያለው ስያሜው ላይ ነው።

ተመራማሪዎቹ ፉ እና ማኒያቲስ እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ሲያደርጉት የሚይዘው የ35 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ፕሮቲን ነው ተብሎ ነበር፤ ያ ፕሮቲን አሁን ኤስአርኤስኤፍ2 ይባላል፣ ጂኑም ክሮሞዞም 17 ላይ ነው። በ2020 የወጣ ጥናት ግን ዋናው ዒላማ ኤስአርአርኤም2 መሆኑን አረጋገጠ፦ ክሮሞዞም 16 ላይ ያለ ሌላ ጂን፣ ፕሮቲኑም ወደ 300 ኪሎዳልተን የሚመዝን ግዙፍ ነው። ስለዚህ የሻጩ መግለጫ «ኤስአርኤስኤፍ2» ካለ አይመኑት።

ስሕተቱ ያን ያህል ዓመት ተደብቆ የቆየው በከፊል በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በመጠን ለይቶ፣ ወደ ሜምብሬን አሻግሮ በአንቲቦዲ መፈለጊያ) አሠራር ነው። በ10 ወይም 12 በመቶ ጄል ትልቁ ፕሮቲን ላይኛው ጫፍ ላይ ይቀራል፣ ወደ ሜምብሬኑም በወጉ አይሻገርም፤ 35 ኪሎዳልተን አካባቢ ደብዘዝ ያለች መስመር ስትታይ «ይኸው ሠራ» ይባላል። ከ3 እስከ 8 በመቶ ትሪስ-አሲቴት ጄል ይጠቀሙ፣ በ30 ቮልት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሲሻገር ይደር። አንቲቦዲው የሚያውቀው ፎስፌት ያለበትን የፕሮቲኑን ክፍል ስለሆነ ሴሉ ሲፈጭ የፎስፋቴዝ ማገጃ መጨመር ግድ ነው። ለብሎኪንግም (አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ ሜምብሬኑን ለመሸፈን) የወተት ዱቄት ይቅር፤ የወተት ፕሮቲኑ ኬዚን ራሱ ፎስፌት ስላለው ጀርባውን ሊያቆሽሽ ይችላል። 3 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን) ይበቃል።

ለማይክሮስኮፕ ብዙ አያስቸግርም፦ 4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ የሴሉን ሽፋን የሚያሳልፍ 0.5 በመቶ ትራይተን። የአንቲቦዲውን ማቅጠን ከ1 ለ200 ጀምሮ መሞከር ነው። በአንድ ኒውክለስ ከ20 እስከ 50 የሚሆኑ፣ ጠርዛቸው ያልተስተካከለ ስፔክሎች መታየት አለባቸው። ሁሉም ክብ ክብ ሆነው ካበጡ ትራንስክሪፕሽን (ከዲኤንኤ አርኤንኤ መቅዳት) ቆሟል ማለት ነውና አንቲቦዲውን ከመውቀስዎ በፊት ሴሎቹን ይመርምሩ። በመከፋፈል ላይ ባሉ ሴሎች ደግሞ ስፔክሎቹ ስለሚበተኑ እነዚያን ከቆጠራ ያውጡ።

አዲስ ብልቃጥ ሲመጣ ኤስአርአርኤም2ን በኤስአይአርኤንኤ (የአንድን ጂን ሥራ በሚያዳክም አጭር አርኤንኤ) ቀንሶ መፈተን ይገባል፤ ሲግናሉ አብሮ ካልወረደ ይመልሱት። በማይሎይድ የደም ካንሰሮች የሚታወቀውን የኤስአርኤስኤፍ2 ፒ95 (በ95ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ያለ) ሚውቴሽን ለሚፈልግ ይህ አንቲቦዲ ምንም አይረዳም፤ መንገዱ የጂኑ የመጀመሪያ ክፍል የኤክሶን 1 ሲክዌንሲንግ (የዲኤንኤ ፊደላትን ማንበብ) ነው። ቦታው በጂ እና በሲ የታጨቀ ስለሆነ ፒሲአሩ (ዲኤንኤውን ማባዣው ሂደት) ካስቸገረ 5 በመቶ ዲኤምኤስኦ ይጨምሩበት።