የሮም የጎብኚዎች መረጃ፤ ከወሎ ለሚሄድ ሰው ምን ያህል ይበቃል?

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልዲያ ተነሥቶ ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ለሥራ ሮም የሚደርስ ሰው ለጉብኝት የሚተርፈው ጊዜ ብዙ አይደለም። ስለዚህ የከተማዋን የጎብኚዎች መረጃ የምመዝነው ይህን አጭር ጊዜ ለመጠቀም ምን ያህል እንደሚረዳ በማየት ነው። በእኔ ግምት መረጃው መንገድ በማሳየት ይመሰገናል፤ እኛን የሚመለከተውን ታሪክ በመጠቆም ግን እጅግ ይጎድለዋል።

መጓጓዣው ችግር የለበትም። ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር በግማሽ ሰዓት ያህል ተርሚኒ ጣቢያ ያደርሳል፤ በጣቢያውና በዋና ዋና አደባባዮች አካባቢም የመረጃ ኪዮስኮች አሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ትኬት ላይ ነው። የኮሎሲየም ትኬት የጥንቱን የሮማውያን አደባባይና የፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል፤ ነገር ግን ሰዓቱ አስቀድሞ የሚያዝና የጎብኚው ስም የሚጻፍበት ስለሆነ፣ ፓስፖርት ይዞ በሰዓቱ መገኘት ግድ ይላል። ላሊበላን በአንድ ትኬት፣ ሰዓት ሳይቆጠርበት፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ላየ ሰው ይህ አሠራር ጥብቅ ሊመስለው ይችላል። ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን እንኳ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስከፍላል፤ ሆኖም 43 ሜትር ከፍታ ያለውን ጉልላቱንና ከአናቱ የሚገባውን ብርሃን ያየ ሰው በክፍያው የሚቆጭ አይመስለኝም። ሮማ ፓስ የተባለው ካርድ መጓጓዣንና የተወሰኑ ሙዚየሞችን መግቢያ የሚያጠቃልል ቢሆንም፣ ጊዜውን በአብዛኛው አብያተ ክርስቲያናትን በማየት ለሚያሳልፍ ሰው አልመክረውም፤ የቅዱስ ጴጥሮስን ባሲሊካ ጨምሮ አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚገባባቸው ናቸውና። ወደ ባሲሊካው ሲገባ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ የያዘች እናት በዚህ በኩል አትቸገርም። ውኃም መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ዳር ያለማቋረጥ ከሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ ውኃ ይጠጣል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ሲደረስ ነው። ከአንድ ኪዮስክ በተሰጠኝ ነጻ ካርታ ላይ የዶጋሊ ሐውልት አልተመለከተም፤ ሐውልቱ ግን ከተርሚኒ በእግር የሚደረስበት ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. በራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለወደቁት ጣሊያናውያን መታሰቢያ የቆመ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ የዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የግብጽ ሐውልት ነው። ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመውን ውልና ያስከተለውን ጦርነት እየሰማ ላደገ የወሎ ሰው፣ ይህ ሥፍራ ከብዙ ምንጭና አደባባይ ይልቅ የሚያነጋግር ነው። በቺርኮ ማሲሞ የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ያለው የፖርታ ካፔና አደባባይም እንደዚሁ ነው፤ 24 ሜትር ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ከተወሰደ በኋላ እስኪነቀል ድረስ የቆመው እዚያ ነበር። ፊት ለፊት ያለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ደግሞ መጀመሪያ የታቀደው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 ቆሟል። ይህን ሁሉ ሳያውቅ በአደባባዩ የሚያልፍ ሐበሻ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ሲሆን፣ በ1548 እ.ኤ.አ. አዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም የጀመሩት አባ ተስፋ ጽዮን የነበሩበት ማኅበር መኖሪያ ነበር። እንደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ዘው ተብሎ የማይገባበት ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በወሎ አንድ ቤተሰብ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይዞ መጓዙ የተለመደ ነውና የሮምን ታላቅ መስጊድም ማስታወስ አለብኝ። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ይህ መስጊድ በአውሮፓ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ከመሐል ከተማ ራቅ ስለሚል በአጭር የጉብኝት መስመሮች ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ ሆኖም ከፍላሚኒዮ አደባባይ በሚነሣው የከተማ ዳርቻ ባቡር ተሳፍሮ ካምፒ ስፖርቲቪ ጣቢያ የወረደ ሰው ጥቂት በእግሩ ከሄደ ይደርስበታል።