ኢንስፔክተር ጉል፦ መንፈስ ወይስ የተዋጣለት አስመሳይ?

በእንግሊዛዊው ጸሐፊ ፕሪስትሊ «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» ቴአትር ውስጥ በ1912 እ.ኤ.አ. የእንግሊዛዊውን ባለፋብሪካ የበርሊንግን ቤተሰብ «ፀረ ጀርም ፈሳሽ ጠጥታ ራሷን ለገደለች ልጅ ሞት ሁላችሁም ተጠያቂ ናችሁ» እያለ የሚያፋጥጠው ጉል፣ ፖሊስ አለመሆኑ በኋላ ይታወቃል። ታዲያ ማን ነው?

አስመሳይ ነው ለሚሉ ፎቶግራፉ አለላቸው። በየተራ ለአንዳንዱ ብቻ አሳይቶ ወዲያው ኪሱ ይከተዋል፤ ሁሉም ያየው የአንዲቱን ልጅ ምስል መሆኑን በምን ያውቃል? ይህ ንባብ ለበርሊንግ እጅግ ይመቸዋል፦ ቀልድ ከሆነ ጥፋትም የለ!

እኔ ግን ወደ መንፈሱ አደላለሁ። ስሙ በእንግሊዝኛ ሬሳ ከሚበላ ጭራቅ መጠሪያ ጋር ይመሳሰላል፤ ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። የበርሊንግ ሴት ልጅ እጮኛ ጄራልድ ሆስፒታል ደውሎ የሞተች ልጅ እንደሌለች አረጋግጦ፣ ቤቱ ገና እፎይ ሲል ስልኩ ይጮኻል። አንዲት ልጅ ፀረ ጀርም ፈሳሽ ጠጥታ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ አሁን ሞተች፤ መርማሪም እየመጣ ነው። ገና ያልሆነውን አስቀድሞ የሚተርክ አስመሳይ ከየት ይመጣል?