የውሻ ቤትና የኤሌክትሪክ ምንጣፍ በደብረ ማርቆስ ብርድ፦ ከሰኔ እስከ የካቲት ያየሁት

ለውሻ የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ እንግዛ ወይስ ይቅርብን ለምትሉ መልሴ ይኸው፦ ውሻችሁ ካረጀ ግዙ፤ ነገር ግን ከምንጣፉ በፊት ቤቱን ሥሩ። ቤቱ ነፋስ የሚያስገባ ከሆነ ምንጣፉ የሚያሞቀው ደጁን ነው። ይህን የምለው ሁለቱንም አንድ ላይ ከሰኔ ጀምሮ ተጠቅሜባቸው ነው። ክረምቱን ከነዝናቡ፣ በጋውን ከነውርጩ አሳልፈውልኛል።

ያሉኝ ሁለት የአገር ውሾች ናቸው። መቻል አሥር ዓመት ያለፈው፣ ጠዋት ጠዋት የኋላ እግሩን የሚይዘው ሽማግሌ ነው። ዳሜ ገና ልጅ እግር ናት። ሁለቱም ጠጉራቸው አጭር ነው፤ ብዙ የፈረንጅ ውሾች ከላይኛው ጠጉር ሥር ያላቸው ያ ወፍራም የውስጥ ጠጉር የላቸውም። ቤቱ ሲሠራ ያዩት ጎረቤታችን አያ፣ የስናን ሰው ናቸው፣ «ውሻ እኮ ጠጉሩን ለብሶ ነው የተፈጠረ፤ ምን አደከመህ?» ብለውኛል። እርሳቸው በጮቄ ተራራ ሥር በግ ሲጠብቁ ያደጉ ስለሆነ ነገሩን ያውቁታል። ጤነኛና የጠገበ ውሻ ደረቅ ቦታ ላይ ከነፋስ ተከልሎ ከተኛ ሌሊቱን ይችለዋል። መቻል ግን እርጥብ መሬት ላይ ያደረ ቀን ሲነሳ ያቃስት ነበር፤ ያንን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የእኛ ብርድ ሁለት ዓይነት መሆኑን የውጭ አገር መመሪያዎች አይነግሯችሁም፤ እነርሱ የሚያስቡት በረዶ የሚጥልበትን አንዱን ወቅት ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ ከኋላዋ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ ወደ ጮቄ ከፍ ብሎ ስናን ላይ ያለ ሰው ከእኔ የባሰ ሌሊት አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይልና መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት ሁሉ ሌሊት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ክፉ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቴርሞሜትሩ ያን ያህል አይወርድም፤ ጠላቱ ርጥበቱ ነው። የረጠበ ጠጉር በመሐሉ አየር ስለማይዝ ውሻን ከታኅሣሥ ውርጭ ባልተናነሰ ያንቀጠቅጠዋል። ቤቱ ሁለቱንም መመለስ አለበት።

አሁን ወደ ቤቱ። የሠራው የሰፈራችን አናጢ ነው። አጥንቱ ባሕር ዛፍ፣ ውጩ ጣውላ፣ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በካርቶን ሲመጣ የሚደገፍበትን ነጭ ፎም ጠቅጥቀንበታል። ኮምፔንሳቶው የግድ ነው፤ ውሻ ፎም ካገኘ ያኝካል፣ ይውጣል። ከታች በድንጋይ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት አገር መሬት ላይ የተቀመጠ ወለል አንድ ክረምት አይዘልቅም፤ የእኔው እስካሁን አልጠቆረም፣ አላበጠም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ፎም ባይኖር ኖሮ ሌሊት የውሾቹ ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብባቸው ነበር። በጣሪያው በኩል በማጠፊያ ይከፈታል፤ ለጽዳት ይህን የመሰለ ነገር የለም።

አናጢው ሰፋ አድርጎ ሊሠራው ፈልጎ ነበር፤ እኔ አጥብቄ ያዝኩት። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ዝም ብሎ ተኝቶ እንኳ ከሰውነቱ 40 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። የገዛሁት ምንጣፍ ጉልበትም 40 ዋት ነው! ውሻው ራሱ ምድጃ ነው ማለት ነው፤ የቤቱ ሥራ ያንን ሙቀት አለማባከን ነው። ስለዚህ ስፋቱ ሁለቱ ተጠጋግተው የሚተኙበት፣ አንዱ ቆሞ የሚዞርበት ያህል ብቻ ይሁን። ሰፊ የውሻ ቤት ለዓይን ደግ ይመስላል፤ ለውሻው ግን ብርድ ነው።

በሩ ወደ ደቡብ ያያል። የበጋው ነፋስ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ በኩል ስለሚመጣ ቤቱ ለሁለቱም ጎኑን እንጂ በሩን አይሰጥም፤ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ቀን ቀን ውስጡ ድረስ ትገባለች። በሩ ላይ ያረጀ የመኪና ካላማዳሪ በሰፋፊው ቆርጠን፣ አንዱ ሌላውን እየደረበ እንደ መጋረጃ ሰቅለንበታል። ዳሜ ወዲያው ለመደችው። መቻል ግን ጭንቅላቱን አስገብቶ እየመለሰ አስቸገረ፤ መሐከለኛውን ቁራጭ ለተወሰኑ ቀናት አንስተን ሲለምድ መለስነው። በጀርባው ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ እርሱን እንዳትደፍኑ። ጠዋት ኮርኒሱን በእጃችሁ ዳብሱት። እርጥብ ከሆነ ቤቱ መተንፈስ አቅቶታል ማለት ነው።

ጭዱን በተመለከተ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ለዚህ ሥራ ያገኘሁት ምርጡ የስንዴ ገለባ ነው፤ አገዳው ውስጡ ባዶ ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ውሃ ቶሎ አይመጥም፣ ውሻው እየቆፈረ ጎድጓዳ ሠርቶ ይተኛበታል። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፤ ግን ቶሎ ይላሽቅና ወለሉ ላይ ይነጠፋል። ደግሞም የበሬ ቀለብና የምርጊት ጭቃ ማላቢያ ነው፤ ሰው የሚሻማበትን ነገር ለውሻ መጎዝጎዝ ለእኔ አይመችም። የገብስ ገለባ ላይ ያለው ሸካራ ጢም ዓይንና ጆሮ ውስጥ ስለሚገባ አልመክርም። ድርቆሽ ርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል። ያረጀ ጋቢና ብርድ ልብስ የሚያነጥፍ ሰው አውቃለሁ፤ በበጋ ይሁን፣ በክረምት ግን እርጥብ እግር ያመጣውን ውሃ ሁሉ ይመጥና ሳይደርቅ ይከርማል፤ ያኔ ባዶ ጣውላ ይሻላል። ገለባው በየአውድማው የሚትረፈረፈው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ በሐምሌ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታችሁ ከወዲሁ ከዝናብ በላይ ሰቅላችሁ አኑሩ። በክረምት በየሳምንቱ እቀይረዋለሁ፤ በበጋ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ በየመሐሉ ቀትር ላይ አውጥቼ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ያልተቀየረ ጭድ የቁንጫ ቤት ነው።

ምንጣፉ የመጣው ከውጭ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ውሃ የማያስገባ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው። ቮልቱን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ከአሜሪካ የሚመጣው በ120 ቮልት ስለሚሠራ በእኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው ሙቀቱ ከውሻው የሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ከ38 እስከ 39 ዲግሪ፣ አያልፍም። እጅ ሲነካው ለብ ያለ ነው፤ ሰዎች መጥተው ዳብሰው «ይሄ ምኑን ሞቀ?» ይላሉ። እንዲያ መሆን ነው ያለበት። እንደ ምጣድ የሚያተኩስ ምንጣፍ ካገኛችሁ አትጠቀሙበት፤ ተኝቶ የማይነሳ ሽማግሌ ውሻ ቆዳው ቀስ በቀስ ይቃጠላል።

የዘረጋሁት በወለሉ ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ገለባ ነው። ውሻው ሲሞቀው ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል፤ እያለከለከ ካያችሁት ወይም ሁልጊዜ ከምንጣፉ ርቆ ከተኛ በዝቶበታል። በምንጣፉ ላይ ጭድ አትከምሩበት፤ ሙቀቱ ታፍኖ ይቀራል። ማታ 2 ሰዓት እሰካውና ጠዋት 1 ሰዓት እነቅለዋለሁ። በወር 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፤ ቆጣሪው ላይ ብዙም አይታወቅም።

ደካማ ጎኑ ገመዱ ነው። ጥርስ እንዳይበላው በብረት ጥምጥም ተሸፍኗል፤ ግን ጥምጥሙ ከበሩ ጥቂት አልፎ ያልቃል፤ ዳሜም ከዚያ በኋላ ያለውን ላስቲክ አግኝታ ነከሰችው። ደግነቱ ተነቅሎ ነበር። ያንን ገመድ በሙሉ አስቀይሬ አዲሱን እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ በብረት ቱቦ አስገባሁት። ከነሐሴ በኋላ ደግሞ የመብራት ምልክቷ ስለጠፋች መሥራቱን በእጄ ካልዳበስኩ አላውቅም።

ኤሌክትሪኩን በሚመለከት አንዲት ነገር እንኳ አትዝለሉ። ስፒናው የሚሰካው በሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ደጅ ላይ መቀጠያም ማከፋፈያም አይኑር። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ እዚያ ይንጠባጠባል። ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ ፍሳሽ ሲኖር በራሱ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር አስገቡ፤ የመሞከሪያ ቁልፏን በየወሩ ተጫኑ። እርጥብ አፈር ላይ የቆመ ውሻ ከእናንተ ባነሰ ንዝረት ሊሞት ይችላል፤ ጫማ የለውም።

መብራት ሲጠፋ ምንጣፉን ነቅዬ (ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል መቆጣጠሪያውን እንዳይጎዳው) ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ሙቅ ውሃ አስገባለሁ። 60 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውሃ እስከ 20 ዲግሪ እስኪቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት ምንጣፉ ስድስት ሰዓት ያህል ሠርቶ ከሚሰጠው ይስተካከላል። ክዳኑን አጥብቁ፣ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ የፈላ ውሃ አትጨምሩ። ምንጣፍ መግዛት ለማይችል ይህ ብቻውን ይበቃዋል፤ እንዲያውም በገጠር መብራት ለሌላቸው ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

ከሰልን ግን በጭራሽ። እኛ ዘንድ ከሰል ቅርብ ነው፤ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ሲያከስል፣ ከሰሉም በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ኖሯል። ስለዚህ «ትንሽ ፍም በማንደጃ ልግባለት» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ውሻው ሳይነቃ ይሞታል። ሰውም እንዲሁ በየዓመቱ የሚሞትበት ነገር ነው። አምፖል ማንጠልጠልም አደጋ ነው፤ ባለ 100 ዋቱ አምፖልና ለጫጩት የሚሸጠው ባለ 250 ዋት ቀይ መብራት ጭድ ላይ ከወደቁ እሳት ያስነሳሉ። የሰው የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስም አይሆንም፤ ይታጠፋል፣ ይታኘካል፣ ይሸናበታል።

ውጤቱን ልንገራችሁ። በታኅሣሥ ቴርሞሜትር ጣሪያው ሥር ሰቅዬ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ውጭ 4 ዲግሪ በነበረበት ሌሊት፣ ምንጣፉ ተነቅሎ፣ ሁለቱ ውሾች ብቻ ተኝተው፣ ውስጡ 13 ነበር። ምንጣፉ ሲሰካ 16 ደረሰ። ዘጠኙን ዲግሪ ያመጡት ግድግዳው፣ ጭዱና ውሾቹ ናቸው፤ ሦስቱን ምንጣፉ። ሆኖም መቻልን ያዳነው ሦስቱ ዲግሪ ሳይሆን ወገቡን የሚያስጠጋበት ለብ ያለ ቦታ ማግኘቱ ይመስለኛል፤ ጠዋት ሲነሳ ማቃሰቱን አቁሟል፣ በሩ ሲንኳኳ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ሆኗል። ለዳሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንጣፉን አልገዛም ነበር።

ዳሜ በጥር ወለደች። አዲስ የተወለደ ቡችላ መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢው 30 ዲግሪ ያህል ካልሞቀለት ራሱን ማሞቅ አይሆንለትም፤ ደጅ ያለ ቤት ደግሞ ምንም ያህል ቢሠራ ያንን አይደርስበትም። ስለዚህ እናቲቱን ከነልጆቿ ዕቃ ቤት አስገባኋቸው፤ ጄሪካኑን ጠቅልዬ በሣጥኑ አንድ ጎን አኖርኩ፣ ሌላው ጎን ለእናቲቱ ቀዝቀዝ ብሎ ቀረ። ምንጣፉን ለእነርሱ አላነጠፍኩም።

አሁን ቡችሎቹ ቀን ቀን ከእናታቸው ጋር ወደ ውጭው ቤት እየገቡ ነው፤ ድዳቸውን ስለሚያሳክካቸው ያገኙትን ሁሉ ይነክሳሉ። ወስደን እናሳድጋለን ያሉ ጎረቤቶች እስኪመጡ ድረስ ምንጣፉን ነቅዬ ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። ለመቻል ማታ ማታ ጄሪካኑን አስገባለታለሁ። የመብራት ምልክቷንም በዚሁ ጊዜ አስጠግናለሁ።