ከባድ ሕመምተኛ ይዛችሁ ሆስፒታል ለምትገቡ፦ አክስቴ የተኛችበት ሆስፒታል እንዴት ነበር

ይህን የምጽፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ የማይድን ሕመም ያለበት ዘመድ ይዘው ሆስፒታል ለሚገቡ ሰዎች ነው። ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም። ያየሁት ችግር የአንድ ግቢ ብቻ አይመስለኝም፤ ደግሞም እዚያው ውስጥ ነፍሳቸውን ሰጥተው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ኮከብ ስጡ ከተባለ ለምርመራው አራት እሰጣለሁ። "ከእንግዲህ አይድንም" ከተባለ በኋላ ላለው እንክብካቤ ሁለት። እነዚያን ሁለት ኮከቦችም ያገኘው በአንዲት ሲስተር ነው።

ነፍሷን ይማረውና አክስቴ የመንዝ ሴት ነበረች። ጡቷ ላይ እብጠቱ ሲወጣ ለማንም ሳትተነፍስ ቆየች። መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ የባህል መድኃኒት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ከመሐል ሜዳ በሞላሌ በኩል ስናወርዳት ካንሰሩ ቆዳዋን ቀድዶ ወጥቷል፤ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ወገቧንም ይዟታል። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ነው። አብዛኞቹም ሐኪም ፊት የሚደርሱት እንደ እሷ ዘግይተው ነው።

ደህናውን ላስቀድም። ካርድ ክፍል አላንገላቱንም። የጤና መድን ደብተሯ የታደሰ ስለነበር አልጋውና ምርመራው ብዙ አላስወጣንም። ወጣቱ ዶክተር ተረጋግቶ ነው የመረመራት፤ "እማማ፣ እዚህ ጋ ያምዎታል?" እያለ፣ ልብሷን መልሶ እየሸፈነ። እንዲህ ያለ ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ግን አክስቴ እስከ መጨረሻው ስታነሣው ነበር። መድኃኒት ላይ ግን "ውጭ ግዙ" የምትባለዋ ወረቀት ደጋግማ ትመጣለች። እሱን አላስረዝምም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ችግሩ የጀመረው ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው። አጎቴን ኮሪደር ላይ ጠርተው፣ አልጋ የሚገፋ ሰው "ዞር በሉ" እያለ በመካከል እያለፈ፣ ሰውም እየሰማ፣ "ተሰራጭቷል፣ የምናደርገው ነገር የለም፣ ወደ ቤት ብትወስዷት ይሻላል" አሉት። ያ ብቻ ነው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። "ቁጭ ይበሉ" ያለው እንኳ የለም። ራውንድ (የሐኪሞች ዙር) ሲመጣ ደግሞ አልጋዋን ቶሎ ቶሎ እያዩ ማለፍ ጀመሩ። እንደ ቀድሞው አይቆሙም፣ አይጠይቁም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። "የምናደርገው የለም" የሚለው ቃል እውነት አልነበረም። ካንሰሩን ማጥፋት አይቻልም ይሆናል፤ ሥቃዩን ማስታገስ፣ ቁስሉን መያዝ፣ እንቅልፍ መስጠት፣ ቤተሰቡን ማዘጋጀት ግን ይቻላል። ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር እንኳ ብዙ ሰው ላይ ሥቃዩን ያቀልላል። ይህን በጊዜው ማንም አልነገረንም። ጨረር ሲባል ለሚድን ሰው ብቻ የሚሰጥ ተደርጎ ታለፈ። ሲነገረን ደግሞ መኪና ላይ ለመጫን አቅም አልነበራትም።

አሁን ወደ ሕመሙ። በዚያ ዋርድ ደንቡ "ሲያማት ጥሩን" የሚል ነበር። ሲያማት እንጠራለን፣ ነርሷ ሌላ አልጋ ላይ ናት፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ የሚፈርም ዶክተር ድንገተኛ ክፍል ገብቷል ይባላል። መርፌው እስኪመጣ አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትጠብቃለች። መርፌው ይሰጣታል፣ ጥቂት ሰዓት ታሸልባለች፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ። የመንዝ ሴት አትጮህም፤ ስላልጮኸች ብቻ ያልታመመች የመሰላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ያቺ ሲስተር ተረኛ ሆና ስትገባ የተለወጠው ነገር ቀላል ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ "እማማ፣ ከአምስቱ ጣቶች ሕመምዎ ስንቱን ያህላል?" አለቻት። አክስቴ አምስቱንም ዘረጋች። ፊደል ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አጠያየቅ አላየሁም። ሲስተሯ ዶክተሩን አነጋገረችና በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ታዘዘ። አሰጣጡም በሰዓት ሆነ፣ ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ሌሊቱን እንዲያሻግራት እጥፍ። ይህ የእሷ ትእዛዝ ነው፣ መጠኑን ለእያንዳንዱ ሰው ሐኪም ነው የሚወስነው። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒትም አብሮ ታዘዘ። ማስታገሻውን ሰጥቶ ይህን መርሳት ሌላ ሥቃይ መጨመር ነው።

ቤተሰቡ ፈርቶ ነበር። "ሱስ ይሆንባታል"፣ "ሞርፊን ከተጀመረ አለቀ ማለት ነው" የሚል ወሬ ግቢው ውስጥ ሞልቷል። ሲስተሯ አንድ በአንድ አስረዳችን። ለሕመም በልኩ ሲሰጥ ሱሰኛ ያደርጋታል ብለን እንዳንፈራ፣ ሞትን እንደማያፋጥን፣ መጀመሪያ ሰሞን ድብታ ቢኖርም እንደሚቀንስ ነገረችን። ከዚያ በኋላ አክስቴ ሁለት ጣት ነበር የምታሳየው። ሹሮ በፍትፍት ቀመሰች። የጎረቤት አልጋ ልጅ ስም ጠየቀች። ይኸው ነው ሕክምና ማለት ለእኔ።

ፓሊየቲቭ ኬር፣ ማለትም ሥቃይን የማስታገስ እንክብካቤ፣ የሚባለው ይህ ነው፤ አዲስ ፈጠራም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም በደረጃ የሚታከምበትን መንገድ ያወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ሁሉ ይህን እንክብካቤ የጤና ሥርዓታቸው አካል እንዲያደርጉት ጠይቋል። እኛም ጋ ይህን እንክብካቤ የሚሰጠው ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ የጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። ግን በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። አክስቴ ከ14ቱ ውስጥ የገባችው በተረኛ ፕሮግራም ዕድል ነው። ያቺ ሲስተር እረፍት በወጣች ቀን "ሲያማት ጥሩን" ተመልሶ መጣ። አንድ ሆስፒታል አንድ ሰው ላይ ከተንጠለጠለ አገልግሎት አለኝ ማለት አይችልም።

ኡጋንዳን ተመልከቱ። ከእኛ የበለጠ ሀብት ኖሯት አይደለም። የሞርፊን ዱቄት አስመጥታ አገር ውስጥ በውኃ ትበጠብጣለች፣ በጣም ርካሽ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕጓን አሻሽላ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች። ሌሊት ዶክተር ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር ስንሮጥ ይህን ነው የማስበው የነበረው።

ስለ ቁስሉም ልናገር፣ ሰው ስለሚያፍርበት ዝም ይባላል። የፈነዳ የጡት ካንሰር ይሸታል። አክስቴ ከሕመሙ እኩል የምትሠቃየው በቁስሉ ሽታ ነበር፤ ጠያቂ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሲስተሯ የሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቃ ቁስሉ ላይ ነሰነሰችና በፋሻ ሸፈነችው። ሽታው በጥቂት ቀን ውስጥ ቀነሰ። በየትኛውም መድኃኒት ቤት የሚገኝ፣ ዋጋው ትንሽ የሆነ ክኒን ነው! ይህን የሚያውቅ ሰው በየዋርዱ ቢኖር ስንት እናት ከሰው ጋር ተቀምጣ ቡና ትጠጣ ነበር።

እውነት መናገር ሌላው ነው። እኛ ቤተሰቦች "ለእሷ እንዳትነግሯት" ብለን ነበር፣ እንደ አገሩ ልማድ። ሲስተሯ አልተቆጣችንም፣ አላለፈችንም። አክስቴን "ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" ብላ ጠየቀቻት። አክስቴም "ልጄ፣ እኔስ አውቄዋለሁ፣ እነሱ እንዳይደነግጡ ነው ዝም ያልኩት" አለች። ከዚያ የንስሐ አባቷ መጡ። የበግ ዕዳ ነበረባት፣ ተከፈለ። መሬቱን ለማን እንደምትል ተናዘዘች፣ ከአጎቴ ጋር ለዓመታት ተኳርፈው የነበረውን ታረቁ። ዝም ብለን ብንወስዳት ኖሮ ይህ ሁሉ ቀርቶባት ነበር። በጎን የተኛችው የአጣዬ እናት ሙስሊም ነበረች፣ ለእሷም ሼኩ እንዲገቡ ሲስተሯ ራሷ ነበረች በር ላይ ያለውን ጥበቃ የለመነችው። የመጠየቂያ ሰዓት ደንብ ለሚሞት ሰው ትንሽ ላላ ሊል ይገባል።

ከሆስፒታሉ አወጣጣችን ደካማ ነበር። ወረቀት፣ የአንድ ሳምንት የሞርፊን ሽሮፕ፣ ደህና ግቡ። ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የተጻፈ ነገር የለም። በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን እንድናገላብጣት እንኳ ያሳየን ሌላ አስታማሚ ነው፤ አለዚያ ጀርባዋ ይቆስል ነበር። ሽሮፑ ሲያልቅ አንድ ሰው ከመንዝ ድረስ ለአንድ ጠርሙስ መውረድ ነበረበት፤ ያውም ሲደርስ "አልቋል" ቢባልስ?

ስለዚህ ከባድ ሕመምተኛ ይዛችሁ ከገባችሁ እንዲህ አድርጉ። "የምናደርገው የለም" ሲሏችሁ "ለሥቃዩስ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው። ማስታገሻው በሰዓት እንዲታዘዝ ጠይቁ። ዜናውን ኮሪደር ላይ ሊነግሯችሁ ሲሉ "ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን እንስማ" በሉ። ፓሊየቲቭ ኬር የሠለጠነ ሰው ካለ በስም አስጠሩ። ጠበል የምትወስዱ ከሆነ፣ ሸንኮራ ዮሐንስም ይሁን ሌላ፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ውሰዱ፤ ሲስተሯ "ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ" ነው ያለችን። ስትወጡ ደግሞ ማስታገሻው ከማለቁ በፊት ከየት እንደሚገኝ፣ ሌሊት ሕመሙ ቢብስም ለማን እንደሚደወል ስልኩን በወረቀት ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ።