ክትፎው በ3 ለ1፣ ጥብሱ በ4 ለ3

የቤቱን ስም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል፤ ነገሩ የጨው ጉዳይ ነው። ሰፈሩን ግን ልንገራችሁ። ሲያትል፣ ሬኒየር አቬኑ። በአንድ ጎኑ ፀጉር ቤት፣ በሌላው ጎኑ ገንዘብ መላኪያ። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ሁለት መሶብ፣ ከባንኮኒው በላይ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን።

ቴሌቪዥኑ ሌላ ጊዜ ወይ የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል፣ ወይ የሀገር ቤት ዘፈን። ሰኞ ጥቅምት 10 ማታ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20 ቀን 2025፣ ግን ቤዝቦል ነበር። የሲያትል ማሪነርስና የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ሰባተኛ ጨዋታ። ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈዋል፤ ዛሬ ያሸነፈ ወርልድ ሲሪስ ማለትም የዋንጫው ፍጻሜ ይገባል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ማሪነርስ በፈረንጆቹ 1977 ከተመሠረተ ጀምሮ ወርልድ ሲሪስ ገብቶ አያውቅም። ከ30ዎቹ የሊጉ ክለቦች ይህ ዕጣ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ቤቱን የሞላው ሰው ሊበላ አልመጣም። እኔ ግን ሊበሉ ከመጡት ነበርኩ። ቢያንስ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ ድረስ፤ ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር አለው፣ አንዱ ዙር ኢኒንግ ይባላል።

ባዶ ወንበር አልነበረም። አስተናጋጇ ዞር ዞር ብላ አየችና «ና፣ እነዚህ ሰዎች ጋር ተቀመጥ፤ ብቻህን ምን ታደርጋለህ?» ብላ ሰው መሃል ከተተችኝ። ከጎኔ አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ አናታቸው ላይ ከፀሐይ ብዛት ሰማያዊነቱ የለቀቀ የማሪነርስ ቆብ። ፊት ለፊት የሥራ ልብሳቸውን ያልቀየሩ ሁለት ነርሶች። ወዲያ ዳር ላይ ደግሞ አንድ የፈረንጅ ባልና ሚስት፤ ሰፈሩ ውስጥ ያሉት የስፖርት ባሮች ሞልተውባቸው ነው የመጡት። እሷ እንጀራ በእጅ መብላት ገና እየተማረች ነው።

«አንተ ልጅ፣ ቤዝቦል ታውቃለህ?» አሉኝ ጋሼ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ብላ።»

በላሁ። መጀመሪያ የምስር ሳምቡሳ መጣ። ሊጡ ቀጭን፣ ዘይት ያልጠጣ፣ ውስጡ ቃሪያ በደንብ የገባበት። የማሪነርሱ ሁሊዮ ሮድሪጌዝ በመጀመሪያው ኢኒንግ ሮጦ 1 ለ0 ሲያደርጋት ሁለተኛውን እየቆረስኩ ነበር። ቶሮንቶ ወዲያው አቻ አደረገ። ሁሊዮ በሦስተኛው ኢኒንግ ሆም ራን መታና (ኳሷን ከአጥሩ አሻገራትና) 2 ለ1 ሆነ። ሳምቡሳ አልቋል።

ክትፎውን ለብ ለብ ብዬ ነበር ያዘዝኩት። ብዙ ቤት ለብ ለብ ስትሉ ጥብስ አድርገው ያመጡላችኋል። እዚህ ግን በልኩ ነው የመጣው፤ ዳሩ ገርጣ ብሏል፣ መሃሉ ቀይ ነው። ቅቤው ኮረሪማና ኮሰረቱ አፍንጫ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። አይቡ ውኃ አልቋጠረም። ጎመኑ ደቅቋል። ሚጥሚጣው ለብቻው በትንሽ ሳህን ነው፣ ይህን እወዳለሁ፤ የራሴን ቅጣት ራሴ ልወስን። ቆጮ ጠይቄ «ቅዳሜና እሁድ ብቻ» ተባልኩ። እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው ብዬ አልምልም፣ ገብስ ሳይገባበት አልቀረም። ግን ዓይኑ ደህና ነው፣ እርሾው ልክ ነው፣ ሲቆርሱት አይበጣጠስም።

ሁለተኛውን ጉርሻ ስጠቀልል ነው ካል ራሊ ኳሷን ከሜዳ ያስወጣት። 3 ለ1። ጠረጴዛው ተነሣ። የክትፎው ሳህን ከመሶቡ ዘሎ ነርሷ በአየር ላይ ያዘችልኝ፤ ነርስ መሆኗ ጠቀመኝ። ካል ራሊ ማለት በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር ብቻ 60 ሆም ራን የመታ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ካቸር ነው፤ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው። በዚያ ቦታ የሚጫወት ሰው ከዚህ በፊት እንዲህ መትቶ አያውቅም። ቅጽል ስሙ «ቢግ ዳምፐር» ነው። ጋሼ ለነርሶቹ ሊተረጉሙ ሞከሩ። «እንግዲህ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ መቀመጫው ትልቅ ነው ለማለት ነው።» አንዷ የጎረሰችው ሽሮ ሊያንቃት ነበር።

ነርሶቹ የጽጌን ጾም ይጾማሉ፤ ያዘዙት በያይነቱ ነው። ለግምገማው ስል ቀማመስኩላችሁ። ምስር ወጡ በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት አለው፣ ከክትፎው ቀጥሎ የቤቱ መኩሪያ እሱ ነው። ፎሶልያው አልሟሟም። ጥቅል ጎመኑ ግን ውኃ ውኃ ይላል፤ ካሮቱ ባይኖር ቀለምም አይኖረውም ነበር።

ደስ ስላለኝ ሸክላ ጥብስ ጨመርኩ። ስህተቴ ይህ ነው። ሰው ሲርበው እንጂ ሲመራ ማዘዝ የለበትም።

ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ቶሮንቶ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ (ዞረው ነጥብ ለማስገባት በሚያርፉበት ቦታ) አስቀመጠ። የማሪነርስ አሠልጣኝ ዳን ዊልሰን ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) ብራያን ዎን አስወጣና ኤድዋርድ ባዛርዶን አስገባ። ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። «ሙኞዝን! ሙኞዝን አስገባ እንጂ!» አንድሬስ ሙኞዝ የቡድኑ አስተማማኝ ልጅ ነው፣ ግን ለመጨረሻው ኢኒንግ ነው የሚያቆዩት። ሊመታ የቆመው ጆርጅ ስፕሪንገር ነው። ከሦስት ቀን በፊት እዚሁ ሲያትል ጉልበቱን በኳስ ተመትቶ ከጨዋታ የወጣው ሰውዬ። በዚያ ላይ የማሪነርስ ተቀናቃኝ የሆነው የሂዩስተን ክለብ የድሮ ልጅ ነው፤ ሲያትል ውስጥ ይህ ብቻውን ወንጀል ነው።

ጥብሱ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውና ኳሷ በግራ በኩል አጥሩን ያለፈችው እኩል ነው። ሦስት ሰው ገባ። 4 ለ3።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው ሸክላው ላይ የሚንጣጣው ቅቤ ብቻ ነበር። አስተናጋጇ «እሳት ነው፣ እንዳትነኩት» ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ኢኒንግ ነበር፣ ግን ማንም አልተቀመጠም። የመጨረሻውን ኳስ ሁሊዮ ሳታት። ካል ራሊ ዱላውን ይዞ ቀጣዩን ተራ እየጠበቀ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚቀረው፣ ያ ሁሉ ሆም ራን ያለው ሰው፤ ተራው ሳይደርሰው አለቀ።

ለቅሶ ቤት ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ። ሰው አቀርቅሮ ይቀመጣል፣ አንዱ ይተነፍሳል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ንፍሮ ቢዞር ማንም አይገርመውም ነበር። ፈረንጇ ታለቅሳለች፣ እውነቷን ነው። ባሏ ጀርባዋን እያሻሸ እሱም አፍንጫውን ይጠርጋል። ትልቋ ነርስ ትንሽ አየቻቸውና እንጀራ ቆርሳ፣ ምስር ጠቅልላ፣ «አይዞሽ እህቴ» ብላ አጎረሰቻት። ሴትየዋ ምን እንደተባለች አልገባትም፣ አፏን ግን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛም ተሰጣት። ባልየው ተራውን ጠበቀ፤ እሱስ ደረሰው።

ከዚያ ዝምታው ተሰበረና ሁሉም አሠልጣኝ ሆነ። ወጥ ሠሪው እጁን በሽርጡ እየጠረገ ከማድ ቤት ወጣ፤ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ነው ያመሸው። «ዎን ለምን አስወጣው?» ይላል። «ዎ ደክሞታል፣ ሰው እያስገባ ነበር» ይላል ሌላው። «እሺ ይውጣ፣ ግን ባዛርዶ?» «ባዛርዶ ምን አጠፋ? ዓመቱን ሙሉ የተሸከመን እሱ አይደል!» እኔም፣ ዝም ብለህ ብላ የተባልኩት፣ ስለ ሙኞዝ አስተያየት ሰጠሁ። ማንም አልተቃወመኝም። በለቅሶ ላይ እንግዳ አይመለስም።

ጋሼ ሲያትል የገቡት በ1995 ነው፤ ማሪነርስ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ደረጃ ደርሶ በክሊቭላንድ የተሸነፈበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ያለውን በጣታቸው ቆጠሩልን። 2000፣ በኒው ዮርኩ ያንኪስ። 2001፣ በዓመቱ 116 ጨዋታ አሸንፈው፣ የጃፓኑን ኮከብ ኢቺሮን የመሰለ ልጅ ይዘው፣ እንደገና በያንኪስ። 2022፣ በገዛ ሜዳቸው 18 ኢኒንግ ተጫውተው በሂዩስተን 1 ለ0። «እኔ ገና ሠላሳ ዓመት ነው ለቅሶ የተቀመጥኩት» አሉ። «ከዚህ የሚብስ ግን አላየሁም። በጨዋታ ብዛት ሁለት ለዜሮ መርተን ነበር እኮ! ሦስት ለሁለት መርተን ነበር!» አንድ ደጋፊ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ኢንተርኔት ላይ ጠንቋይ ቀጥሮ ቡድኑ ማሸነፍ መጀመሩን የሰማችው ትንሿ ነርስ «ክፍያው አልቆ ይሆናል» አለች። በዚያ ምሽት መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ፤ ግምገማ ነው የምጽፈው። አስተናጋጇ ያደረገችውን ልብ በሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቶሮንቶዎች ሲጨፍሩ ድምፁን ዘጋችው፣ ምስሉን ግን አላጠፋችውም። ማየት የፈለገ ይይ። ከዚያ ማንም ሳያዝዛት ቡና መቁላት ጀመረች። የሚጨሰውን ምጣድ በየጠረጴዛው ይዛ ዞረች። ዕጣን አጨሰች። ፈንዲሻ አመጣች። ሰው ሁሉ ሊሄድ ጃኬቱን አንሥቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው። አቦሉን ስንጠጣ ስለ ባዛርዶ እናወራ ነበር። ቶናው ላይ ስለ ሥራ። በረካው ሲደርስ ጋሼ ለባልየው ከኤርፖርት የሚወስደው የትኛው መንገድ እንደሚሻል ያስረዱት ነበር። ሒሳብ ስንጠይቅ ቡናው አልተጻፈበትም።

የሚነቀፈውንም ልናገር። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፣ በጨዋታ ቀን ሰልፉ ባንኮኒው ድረስ ይደርሳል። የመኪና ማቆሚያ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ዞሬአለሁ። ውኃ ሁለት ጊዜ ካልጠየቃችሁ አይመጣም።

ጥብሱ ደግሞ ቀረኝ። ከሽንፈቱ በኋላ በቀዘቀዘ ሸክላ ነው የበላሁት። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ሽንኩርቱና ሥጋ መጥበሻው ጥሩ ሽታ አለው። ጨው ግን በዝቶበት ነበር። ወይም በዝቶበት መሰለኝ። በዚያ ሰዓት ምላሴን ማመን አልቻልኩም፤ ከጎኔ ሰው እያለቀሰ፣ እኔም ዓይኔ ትንሽ አርጥቦ፣ ሰው የሚኖርበትን ቤት በጨው ከስሼ ብጽፍ ነውር ነው ብዬ ሳልጽፍ ቀረሁ።

በሳምንቱ ሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። ቤቱ ግማሹ ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ቶሮንቶና የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ወርልድ ሲሪስ ይጫወታሉ፣ ድምፁ አሁንም እንደተዘጋ ነው። ጋሼ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። «ለማን ነው ዛሬ?» አልኳቸው። «ቶሮንቶን ለሚያሸንፍ ለማንኛውም» አሉ። ሸክላ ጥብስ አዘዝኩ። ትኩስ ሆኖ መጣ፣ በደንብ ይንጣጣል። አንድ ጎረስኩ። ሁለት ጎረስኩ።

ጨው በዝቶበታል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። ቀመሱ። አላመጡ። ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሡም፤ 5 ለ5 ነበሩ።

«በዝቶበታል» አሉ። «ግን አሁን ዝም ብለህ ብላ።»